ባለ8 ቻናል የአንጎል ሞገድ መቅጃ በአነስተኛ ወጪ፦ ቦርዱን እንግዛ ወይስ እንበይድ?

አዌቱ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጅማ ላይ ለባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሆን፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ የኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ) መቅጃ እያፈላለግን ነው። ለሕክምና ምርመራ አይደለም። የሚቀዳው ከጤነኛ ፈቃደኛ ተማሪዎች ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጉዳይም በሂደት ላይ ነው። የምንፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛ፣ ዓይን ሲከደን ከራስ ኋላ የሚመጣውን የአልፋ ሞገድ በግልጽ ማየት፤ ሁለተኛ፣ ፒ300 የሚባለውን፣ አንጎል ብርቅዬ ድምፅ ወይም ምስል ሲመጣበት የሚሰጠውን ምላሽ መቅዳት። 8 ቻናል ይበቃናል።

ጥያቄዎቻችን እነዚህ ናቸው። ሳይቶንን የመሰለ የተገጣጠመ ቦርድ ይሻላል ወይስ ቺፑን አስመጥቶ እዚሁ መበየድ? ኤሌክትሮድ ራሳችን መሥራት እንችላለን? ከሴት ተማሪዎቹ ብዙዎቹ ሹሩባ የተሠሩ ናቸው፣ ምን ይደረጋል? መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ይሄ ቅጂውን ያበላሸዋል? የምታውቁ በዝርዝር ብትሉን።

ማይክሮቮልት

በጀቱን መጀመሪያ ለሁለት ክፈሉት፦ ግማሹ ለቦርድ፣ ግማሹ ለኤሌክትሮድ፣ ለጄልና ለገመድ። ሰው ሁሉ ስለ ቦርድ ያወራል፤ ቅጂ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ብረቱና ቆዳው በሚገናኙበት ቦታ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት መጠኑን አስቡት። ከራስ ቆዳ ላይ የሚገኘው ሞገድ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። 30 ማይክሮቮልት የሆነ አልፋ ከአንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት 50,000 ጊዜ ያንሳል። ኤሌክትሮዱ ትንሽ ከተነቃነቀ የሚፈጥረው ለውጥ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ምርጡ ቺፕም ቢሆን ያንን አያድነውም።

ወደ ቦርዶቹ እንምጣ።

ሳይቶን የኦፕንቢሲአይ ሥራ ነው። በ2013 መጨረሻ በኪክስታርተር ከተሰበሰበ ገንዘብ የተነሳ ፕሮጀክት ሲሆን ንድፉም ፈርምዌሩም በይፋ ይገኛል። ልቡ ሞገዱን አጉልቶ ወደ ቁጥር የሚቀይረው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤዲኤስ1299 ቺፕ ነው፦ 8 ቻናል፣ 24 ቢት። ሳይቶን በሰከንድ 250 ናሙና ወስዶ በሬዲዮ ወደ ኮምፒውተሩ ያስተላልፋል። ለእናንተ ትልቁ ጥቅሙ ግን በ4 የባትሪ ድንጋይ መሥራቱ ነው። ድንጋዩ ከማንኛውም ሱቅ ይገኛል፤ ሰውየውም ከመብራት መስመር ጋር በምንም ሽቦ አይያያዝም። ጉዳቱ ዋጋው ነው፣ ኤሌክትሮድና ማጓጓዣ ሲታከልበት ሺህ ዶላር ያልፋል።

ጋንግሊዮን የዚያው ቤት ታናሽ ነው፤ 4 ቻናል፣ በሰከንድ 200 ናሙና። ለአልፋ ከበቂ በላይ ነው፤ ለፒ300ም በጥንቃቄ ይሠራል።

ባዮአምፕ ኤግዚጂ ፒል የህንዱ አፕሳይድ ዳውን ላብስ የሚሠራው፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ባለ1 ቻናል ማጉያ ነው። የሚያወጣው አናሎግ ስለሆነ ከአርዱዊኖ ጋር ይገጠማል። ዋጋው በጥቂት አሥር ዶላሮች ስለሚቆም ቢቃጠልም ልብ አይሰብርም።

ኦሊሜክስ ኢኢጂ-ኤስኤምቲ ከቡልጋሪያ ነው። ኦፕንኢኢጂ ከተባለው የቀድሞ የማኅበረሰብ ንድፍ የመጣ ሲሆን 2 ቻናል፣ 10 ቢት፣ በሰከንድ 256 ናሙና አለው። ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ለማስተማር ግን አሁንም ያገለግላል። ፓይኢኢጂ በራዝበሪ ፓይ ላይ የሚቀመጥ ባለ ኤዲኤስ1299 ቦርድ ነው። በባትሪ ብቻ መሥራት አለበት፣ የኤችዲኤምአይ ስክሪን እንኳ አይሰካበትም፤ ስክሪኑ ራሱ ከሶኬት ጋር ነዋ። ፍሪኢኢጂ32 ደግሞ 32 ቻናል ነው። እሱን ተዉት፣ 32 ኤሌክትሮድ በሹሩባ ላይ መደርደር ለሌላ ዓመት ይቆይ።

በእኔ ግምት አንድ ሳይቶን ለቁም ነገሩ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፒል ደግሞ ለመማሪያ ይሁን። «ሳይቶን ተኳሃኝ» እየተባሉ በመስመር ላይ የሚሸጡ አስመስለው የተሠሩ ቦርዶች አሉ። ከገዛችሁ ከማንኛውም ሥራ በፊት ግብዓቶቹን በሙሉ አጭር አገናኝታችሁ የኖይዙን (ያልተፈለገውን ረብሻ) መጠን ለኩ፤ ቁጥሩን ካውያ የሚባለው የዚህ ቤት ሰው ሳይነግራችሁ አይቀርም። ሊቲየም ባትሪ ከቦርዱ ጋር አብሮ አታዝዙ፣ በአየር ጭነት ላይ ጣጣ ያመጣል።

ግራውንድ

ሌላው ከመቀጠሉ በፊት ስለ ደኅንነት አጭር ነገር ልበል፣ ከዚህ ላይ ድርድር የለም።

ራሱ ላይ ኤሌክትሮድ የተለጠፈበት ሰው ከ220 ቮልት መስመር ጋር የሚያገናኘው ምንም ሽቦ መኖር የለበትም። በዩኤስቢ የሚሰካ ቦርድ ከሆነ ላፕቶፑ ከቻርጀር ይነቀል፤ ከፕሪንተር፣ ከፕሮጀክተር፣ ከኔትወርክ ገመድም ጭምር። የላፕቶፕ ቻርጀር ሲበላሽ አስቀድሞ አይናገርም። ከዚያም በላይ በኤዲዩኤም4160 ቺፕ የተሠራ የዩኤስቢ መለያ (መረጃ እያሳለፈ የሽቦ ግንኙነቱን የሚቆርጥ) መሃል ላይ አስገቡ። መለያው ቻርጀር መንቀልን አይተካም፤ ሁለቱም ይደረጉ።

በራሳችሁ ቦርድ ላይ የባያስ ሽቦውን፣ ማለትም ወደ ሰውየው ተመልሶ የሚሄደውን፣ በ100 ኪሎ ኦም ተቃዋሚ በኩል አሳልፉት። 5 ቮልቱ በብልሽት ቀጥታ ቢወጣ እንኳ ከ50 ማይክሮአምፒር አይበልጥም። በግብዓት ገመዶቹ ላይ ግን 100 ኪሎ ኦም አታስገቡ፣ ተቃዋሚው ራሱ የሚፈጥረው ኖይዝ ከቺፑ ይበልጣል፤ 10 ኪሎ ኦም ይበቃል።

ዝናብ ከነጎድጓድ ጋር ሲመጣ በሽቦ የተገናኘ ቅጂ ይቁም፤ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም በቤተሰቡ ያለ ሰው ብልጭ ድርግም የሚል ነገር በሚታይበት ሙከራ አይሳተፍ፤ በሰከንድ ከ15 እስከ 25 ጊዜ የሚበራ ብርሃን ዋነኛው ቀስቃሽ ነው።

ካውያ

ማይክሮቮልት ያለው ትክክል ነው፣ ግን የምህንድስና ተማሪ የተገጣጠመ ነገር ከካርቶን አውጥቶ ቢሰካ ምኑን ተመረቀ? ኤዲኤስ1299ን መበየድ ይቻላል። የሚያደናቅፉት ቦታዎች ጥቂትና የታወቁ ናቸው።

ቺፑ 64 እግር አለው፣ በእግርና በእግር መካከል ያለው ርቀት 0.5 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ፍላክስ ቀቡ፣ አራቱን ማዕዘን መጀመሪያ ያዙ፣ ከዚያ በቀጭን ጫፍ ካውያ ሊዱን ጎትቱት፤ የተያያዘውን በመዳብ ጥልፍ ምጠጡት። ቺፑን በአስማሚ ላይ አድርጎ በብሬድቦርድ ልሞክር ማለት ጊዜ ማባከን ነው። ካፓሲተሮቹ ከእግሩ ሲርቁ ኖይዙ ይገባል፤ ከዚያ ተማሪው ሳምንት ሙሉ ኮዱን ሲወቅስ ይከርማል። ባለ4 ንጣፍ ሰሌዳ አሠሩ፣ አንዱ ንጣፍ ሙሉ ግራውንድ ይሁን።

ኃይሉ፦ ለአናሎጉ 5 ቮልት፣ ለዲጂታሉ 3.3 ቮልት። ሁለት 18650 የሚባል ዳግም የሚሞላ ሊቲየም ባትሪ በተከታታይ 7.4 ቮልት ይሰጣል፤ ከዚያ በመስመራዊ ሬጉሌተር ወደ 5 ይወርዳል። በስዊች የሚሠራ መቀነሻ ለአናሎጉ አይሁን። ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር) የምትጠቀሙ ከሆነ የራሱ ሬጉሌተር ይኑረው፤ ዋይፋዩ ሲልክ በመቶዎች ሚሊአምፒር በድንገት ስለሚስብ በቅጂው ላይ በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋገም ጥርስ ያሳያል። ፓወር ባንክ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ውስጡ ያለው ማሳደጊያ ኖይዝ ይረጫል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞላ» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 18650 ከተጠቀማችሁ ጥንዶቹ እኩል አቅም ያላቸው ይሁኑ።

ካፓሲተሮቹ፦ ቪካፕ1 በሚባለው የቺፑ እግር ላይ 100 ማይክሮፋራድ፣ ከቪካፕ2 እስከ ቪካፕ4 ላይ ለእያንዳንዳቸው 1 ማይክሮፋራድ፣ በቺፑ የቮልቴጅ ሪፈረንስ እግር ላይ 10 ማይክሮፋራድ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ቪካፕ1 ላይ ነው። ትልቅ ስለሆነ ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል፤ 1.1 ቮልት ሳይደርስ የሪሴት ምልክት ከተላከ ቺፑ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ አይነሳም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ኃይል ከገባ በኋላ 1 ሰከንድ ጠብቃችሁ ሪሴት አድርጉ። የባያስ ማጉያው መልሶ ማስገቢያ (ፊድባክ) ደግሞ 1 ሜጋ ኦም ከ1.5 ናኖፋራድ ጋር ጎን ለጎን ነው።

ኮዱ ላይ አራት ወጥመድ አለ። ኤስፒአይ (ቺፑ ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር የሚነጋገርበት መስመር) በሞድ 1 ይሁን፤ በሞድ 0 ከሆነ ቁጥሩ በአንድ ቢት ተንሸራቶ ይመጣል፣ ሞገድ ስለሚመስልም አይነቃበትም። ቺፑ ሲነሳ ያለማቋረጥ መረጃ በሚልክበት ሁኔታ ላይ ነው፤ አቁም የሚለው ትእዛዝ (በሁለትዮሽ 00010001) መጀመሪያ ካልተላከለት የምትጽፉትን መዝገብ ሁሉ ችላ ይለዋል። ከዚያ የመለያ መዝገቡን አንብቡ፦ 00111110 ከመጣ በሽታ የለም፤ ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም አንድ ከሆነ ሽቦውን፣ ኃይሉንና የሰዓት መምረጫ እግሩን ፈትሹ። እያንዳንዱ ናሙና 27 ባይት ነው፣ 3ቱ የሁኔታ ባይት፣ ቀሪው 8 ጊዜ 3። የሁኔታው መጀመሪያ ሁልጊዜ 1100 ስለሆነ ንባቡ መስመር መሳቱን በእሱ ታውቃላችሁ። በመጨረሻም ባለ24 ቢቱን ቁጥር ወደ 32 ስትቀይሩ አሉታዊ ምልክቱን አስከትሉ፤ ከረሳችሁት ሞገዱ ከዜሮ በታች በወረደ ቁጥር ወደ 16 ሚሊዮን ይዘላል።

ወደ ማይክሮቮልት ለመቀየር፦ 4.5 ቮልት ሲካፈል ለ24 (ማጉሊያው)፣ ሲካፈል ለ8,388,607። አንዱ ደረጃ 0.02235 ማይክሮቮልት ይሆናል።

የሰው ራስ ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ፈተና ይለፍ። ግብዓቶቹን በውስጥ አጭር አገናኙ፦ በማጉሊያ 24፣ በ250 ናሙና ኖይዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 1 ማይክሮቮልት ገደማ መሆን አለበት። 5 ወይም 10 ካያችሁ ቺፑ የተጠረጠረ ነው፣ ወይም ኃይሉ ቆሻሻ ነው። ሁለተኛ፣ የቺፑን የራሱን የፍተሻ ምልክት አብሩ፦ 1.875 ሚሊቮልት ከፍታ ያለው አራት ማዕዘን ሞገድ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ይመጣል፤ በዚህ የቅየራ ስሌታችሁ ይረጋገጣል። ሦስተኛ፣ 10 ባለ5 ኪሎ ኦም ተቃዋሚዎች በኮከብ ቅርጽ መሃል ላይ በይዳችሁ የኤሌክትሮድ ገመዶቹን፣ ሪፈረንሱን (ሌሎቹ ከእሱ አንጻር የሚለኩበትን ኤሌክትሮድ) እና ባያሱን ከጫፎቹ ጋር አገናኙ፤ ይሄ የውሸት ራስ ነው። እዚህ ላይ ጸጥ ያላለ ቦርድ ሰው ላይ ጸጥ አይልም።

ኦ1 እና ኦ2

ወደ ዋናው መጣን፣ ወደ ቆዳው። ይሄኛው ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ቦታ። ሜትር ይዛችሁ ከአፍንጫ ሥር ጎድጓዳው እስከ ማጅራት ላይ እስከምትዳሰሰው የአጥንት ጉብታ ለኩ። 36 ሴንቲሜትር ቢሆን ሲዜድ የሚባለው የኤሌክትሮድ ቦታ መሃሉ ላይ 18 ላይ ነው፣ ፒዜድ ከጉብታው 10.8 ወደ ላይ፣ ኦዜድ ከጉብታው 3.6 ወደ ላይ። ከዚያ የራስን ዙሪያ ለኩ፤ 56 ከሆነ ኦ1 ከኦዜድ 2.8 ሴንቲሜትር ወደ ግራ፣ ኦ2 ያንኑ ያህል ወደ ቀኝ። በዓይን ግምት አይሆንም፣ የማጅራት ጉብታ በጣቱ የማይገኝለት ሰው ብዙ ነው፤ አንገቱን ቀና ዝቅ እያደረገ ይፈለግለት።

ኤሌክትሮድ እዚህ መሥራት ይቻላል። የሚፈለገው ከ99.9 በመቶ በላይ ንጹሕ የብር ሽቦ ነው፤ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ኪስ ውስጥ ያለውን አይደለም። ወርቅ ቤት የሚገኘው የጌጥ ብር አብዛኛውን ጊዜ መዳብ የተቀላቀለበት ስለሆነ አይሆንም፤ መዳቡ ቮልቴጁን ሲያንሸራትት ይውላል። የሽቦውን ጫፍ እንደ ቀንድ አውጣ ጠቅልላችሁ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ አድርጉት፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ፣ በአልኮል አጽዱ። ከዚያ በረኪና ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። ሐምራዊ ያዘለ ጥቁር ግራጫ ሲሆን ብር ክሎራይድ ለብሷል ማለት ነው። የቀጠነ በረኪና ከሆነ ጊዜ ጨምሩለት። መስኮት ክፈቱ፣ በረኪናን ከማንኛውም አሲድ ጋር አታቀላቅሉ። በውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ብርሃን በማይገባበት ይቀመጥ። የተበየደበት መገናኛ ጄል እንዳይነካው በኢፖክሲ ይሸፈን፤ ሊድና ብር በእርጥበት ከተገናኙ ራሳቸው ባትሪ ይሆናሉ።

ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጥቅል ሽቦ ሥሯቸው፤ ከዚያ ጨው ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ገመዶቻቸውን በሙሉ አንድ ላይ አገናኝታችሁ አሳድሩ። ጠዋት ሁለት ሁለቱን በመልቲሜትር ለኩ፤ ከጥቂት ሚሊቮልት በላይ የሚለያየው ይውጣ። ለምን? ቺፑ በማጉሊያ 24 የሚችለው 187.5 ሚሊቮልት ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው። አንዱ ኤሌክትሮድ ወርቅ፣ ሌላው ብር፣ ሦስተኛው ቆርቆሮ ከሆነ ልዩነታቸው ብቻውን ያንን ሊሞላውና ቻናሉ ጣሪያ ነክቶ ሊቀር ይችላል። ብረት አታደባልቁ።

መሥራት ካልፈለጋችሁ የልብ መመርመሪያ (ኢሲጂ) ተለጣፊ ኤሌክትሮዶች ብር ክሎራይድ ናቸው፣ በየሕክምና ዕቃ መሸጫው ይገኛሉ። ፀጉር ላይ አይለጠፉም፤ ለግንባርና ከጆሮ ጀርባ ላለው አጥንት ግን በርካሽ የሚገኝ አስተማማኝ ነገር ነው። ሪፈረንስና ባያስን ሁልጊዜ በእነዚህ አድርጉ።

አሁን ፀጉሩ። ቅቤ የተቀባ ራስ ለኤሌክትሮድ ዘይት የተቀባ መስታወት ነው። ዋዜማ ማታ በሻምፑ ይታጠብ፣ ከዚያ በኋላ ቅቤም፣ ቅባትም፣ ኮንዲሽነርም አይነካው። ሹሩባ ግን ጠላት አይደለም፤ ካወቁበት እንዲያውም ከተበተነ ፀጉር ይሻላል። መስመሮቹ መሃል ቆዳው ተከፍቶ ይገኛል፤ ኤሌክትሮዱ ያርፍበታል፣ ጎንና ጎኑ ያለው ጉንጉን ደግሞ ይይዘዋል። አሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሴቮ የሚባሉትን ኤሌክትሮዶች የሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው፦ ጉንጉኑ ውስጥ ገብተው ቆዳውን የሚጫኑ። ስለዚህ ተሳታፊዋ ሹሩባ የምትሠራበት ቀን ከታወቀ ራሷ ይለካና የፒዜድና የኦ1፣ ኦ2 ቦታ በመስመር ላይ እንዲውል ለሠሪዋ ይነገራት። ዊግ ወይም ቅጥያ ፀጉር የተሰፋበት ከሆነ ራሱን መክፈት አትጠይቁ። ከጆሮ ጀርባ ባሉት ሁለት ቦታዎችና በግንባሩ መካከል ያለውን ልዩነት ብትቀዱ አልፋው ይታያል፤ ፒ300 ግን አይገኝም ብላችሁ ተቀበሉ። ሂጃብ ለሚለብሱ ተሳታፊዎች በር የሚዘጋ ክፍልና ሴት ረዳት ይዘጋጅ፤ ይሄ ቀጠሮ ሲያዝ የሚነገር ነው እንጂ ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ አይደለም።

የሚቀባው፦ ቴን20 የሚባለው ፓስታ ይለጥፋልም ያስተላልፋልም፣ ከተገኘ እሱ። የአልትራሳውንድ ጄል ቢመስልም አይደለም፤ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ስፖንጅ ለሚጠቀም ደግሞ 1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ትንሽ የሕፃናት ሻምፑ፤ ሻምፑው ቅባቱን ስለሚያልፍ ነው። ስፖንጅ በግማሽ ሰዓት ገደማ መድረቅ ይጀምራል፣ ውኃው ከበዛ ደግሞ ከኦ1 ወደ ኦ2 ፈሶ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለት ቻናል ፍጹም ተመሳሳይ ሞገድ ካሳዩ ደስ አይበላችሁ፣ ድልድይ ተሠርቷል።

ቆዳውን በአልኮልና በሻካራ ጎዝ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፣ እስኪቀላ አይደለም። ተቃውሞው (ኢምፒዳንሱ) ከ10 ኪሎ ኦም በታች ይሁን፣ 5 ከሆነ የተሻለ። ሰው ላይ በመልቲሜትር አትለኩ፤ ቀጥታ ጅረት ይልካል፣ ኤሌክትሮዱንም ያበላሻል። ኤዲኤስ1299 ራሱ 6 ናኖአምፒር በ31 ኸርዝ ገደማ ልኮ ይለካል፦ 10 ኪሎ ኦም 60 ማይክሮቮልት ከፍታ ያሳያችኋል። በሳይቶን ላይ በየግብዓቱ ያለውን 2.2 ኪሎ ኦም ቀንሱ።

አዌቱ ዳር

እግዜር ይስጥልን፣ ከጠበቅነው በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረን። ለፒ300 ድምፅ ወይም ምስል የወጣበትን ቅጽበት ከቅጂው ጋር እንዴት እናገናኝ? የኮምፒውተሩን ሰዓት መመዝገብ ይበቃል? የጄኔሬተሩስ ነገር?

ማይክሮቮልት

የኮምፒውተሩ ሰዓት አይበቃም። ሳይቶን በሬዲዮ ይልካል፣ መቀበያው በዩኤስቢ ይገባል፣ የዩኤስቢው ሾፌር ደግሞ መረጃውን በነባሪ 16 ሚሊሰከንድ እያቆየ ነው የሚለቀው። ዊንዶውስ ላይ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ በወደቡ የላቀ ቅንብር ገብታችሁ 1 አድርጉት። ከዚያም በኋላ መንቀጥቀጡ አይጠፋም፣ ስክሪኑም ምስሉን የራሱን ጊዜ ወስዶ ነው የሚያወጣው።

ትክክለኛው መንገድ በስክሪኑ ማዕዘን ላይ ትንሽ ነጭ ካሬ ከምስሉ ጋር አብሮ እንዲበራ ማድረግና በላዩ ላይ ፎቶ ትራንዚስተር መለጠፍ ነው። ኃይሉን ከሳይቶን 3.3 ቮልት ይውሰድ፣ ከሌላ ምንጭ አይደለም፤ አለዚያ ግራውንድ ከላይ በጽሑፉ ያስቀመጠው ከመብራት መስመር መለያየት ሁሉ ፈረሰ። ውጤቱ ወደ ሳይቶን አናሎግ ግብዓት ይግባ፤ ያኔ የአክስለሮሜትሩን ቦታ ይዞ በዚያው ፓኬት ውስጥ ከሞገዱ ጎን ይመጣል። በራሳችሁ ቦርድ ላይ ከሆነ በ1 ሜጋ ኦምና በ10 ኪሎ ኦም አከፋፍላችሁ 3.3 ቮልቱን ወደ 33 ሚሊቮልት ገደማ አውርዱትና አንድ ባዶ ቻናል ላይ አስገቡት።

ሙከራው ራሱ ቀላል ነው፦ ሁለት ዓይነት ድምፅ፣ አንዱ ከአምስት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ፣ ሰውየው ብርቅዬውን በልቡ ይቆጥራል። ድምፅ ከሆነ ከፎቶ ትራንዚስተሩ ይልቅ የድምፅ ገመዱን ምልክት መውሰድ ነው፤ ያን ጊዜም ላፕቶፑ ከቻርጀር የተነቀለ ይሁን። ፒ300 ፒዜድ አካባቢ ከ300 ሚሊሰከንድ ጀምሮ የሚነሳ 5 ወይም 10 ማይክሮቮልት ከፍታ ነው፤ በአንድ ሙከራ አይታይም። አማካይ ሲወሰድ ኖይዙ በሙከራዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሚቀንስ 20 ማይክሮቮልት የነበረው በ40 ብርቅዬ ድምፅ ወደ 3 ይወርዳል። ስለዚህ በጠቅላላ 200 ድምፅ። ግንባር ላይ ካለው ኤፍፒ1 ኤሌክትሮድ ላይ ከ75 ማይክሮቮልት በላይ የዘለለበትን ሙከራ ጣሉት፣ የዓይን ጥቅሻ ነው፤ የሚጣለው ወጥቶ በቂ እንዲተርፍ 250 ድምፅ አሰሙ።

የፓኬት ቁጥሩን ሁልጊዜ ፈትሹ፦ ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል። ከዘለለ ናሙና ጠፍቷል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ተንሸራቷል። የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ መቀበያው ከላፕቶፑ ጀርባ ስለሚደበቅ ነው፤ በአንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ጠረጴዛው ላይ አውጡት።

ለመቅጃና ለትንተና ብሬንፍሎውና ኤምኤንኢ-ፓይተን ነፃ ናቸው፣ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም። ያልተጣራውን ጥሬ መረጃ አስቀምጡ፤ ማጣራት በኋላ ይደረሳል፣ የተጣራ ግን አይመለስም።

ካውያ

ስለ ጄኔሬተሩ እኔ ልመልስ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። መጀመሪያ በሶፍትዌሩ ውስጥ ማጣሪያው 60 ላይ ተቀምጦ ከሆነ ወደ 50 አምጡት፤ «ማጣሪያው አይሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ ይሄንን ነው ያላዩት።

ጄኔሬተር ሲነሳ ድግግሞሹ ጭነቱ በተለወጠ ቁጥር ከ50 ከፍ ዝቅ ይላል። ጠባብ የሆነው የ50 ማጣሪያ 48.5ን አይዝም። ርካሽ ኢንቨርተር ደግሞ የሚያወጣው ሞገድ ማዕዘን ስለሆነ በ150፣ በ250 እያለ ልጅ ልጁን ያመጣል፤ 250 ናሙና በሚወስድ ቅጂ ላይ ደግሞ ከ125 በላይ ያለው ተጣጥፎ ወደ ታች ሊመለስ ይችላል። አልፋም ፒ300ም ከ30 ኸርዝ በታች ስለሆኑ ከ40 በላይ ያለውን ጠቅላላ ቁረጡት፣ አብዛኛው ጣጣ አብሮ ይሄዳል።

ከማጣሪያው በፊት ግን ምንጩን ቀንሱ። የኤሌክትሮዶቹን ገመዶች እንደ ሹሩባ አንድ ላይ ጎንጉኗቸው፤ በገመዶቹ መካከል ያለው ክፍተት አንቴና ነው። ሰውየውን ከግድግዳው፣ ከማከፋፈያውና ከፍሎረሰንት መብራቱ ራቅ አድርጉ። የባያስ ኤሌክትሮዱን ደግማችሁ ጥረጉ፦ ሁሉም ቻናል ላይ እኩል 50 ኸርዝ ካለ ጥፋተኛው ባያስ ወይም ሪፈረንስ ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ያ ኤሌክትሮድ ለቋል።

ቦርዱም ላፕቶፑም በባትሪ እስከሆኑ ድረስ መብራት ሲሄድ ቅጂ አይቋረጥም። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ደግሞ ክፍሉ ፍጹም ጸጥ የሚልባት ናት። በዚያች ጊዜ 60 ሰከንድ ዓይን ተገልጦ፣ 60 ሰከንድ ተከድኖ ብትቀዱ፣ በ4 ሰከንድ ቁራጭ ስፔክትረም (የሞገዱን ኃይል በየድግግሞሹ) ስታወጡ ከ8 እስከ 13 ባለው ክልል፣ ብዙውን ጊዜ 10 አጠገብ፣ የተከደነው ላይ ብቻ የቆመ ጫፍ ይታያችኋል። በአንዱ ሰው ላይ ካልታየ ቦርዱን አትፍቱ። አልፋቸው ደካማ የሆነ ጤነኛ ሰዎች አሉ፤ ቢያንስ በሦስት ሰው ሞክሩ።

ኦ1 እና ኦ2

አንድ የረሳሁት። በእያንዳንዱ ቅጂ ወረቀት ላይ ተሳታፊው ቡና የጠጣበት ሰዓት፣ ስንት ስኒ፣ ጫት፣ የእንቅልፍ ሰዓት ይጻፍ። ቡና አልፋን ዝቅ ያደርጋል፤ ጅማ ላይ ሳይጠጣ የመጣ ሰው አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ፣ ይልቅ ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ ከጠጡ ከተመሳሳይ ጊዜ በኋላ ይቀዱ።